አምስት ሽምብራና አንድ ምሳር

የየሻው አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስከፍለው አብረን አስልተነዋል፤ እሱ እየተናገረ፣ እኔ እየጻፍኩ። የብር ሒሳብ አይደለም። ጠዋት አንዲት ነጭ ክኒን ይውጣል። እሷ እጁን ስለምታንቀጠቅጠው ብርጭቆ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ያም ሆኖ ግማሹ ውኃ ደረቱ ላይ ይፈሳል። ከእህቱ ቤት እስከ ምንጩ አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን በባሕር ዛፉ ጀርባ ዞሮ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ በአስፋልቱ ካለፈ ሰዎች ጎንበስ ይላሉና። ጎንበስ የሚሉት ድንጋይ ለማንሳት ነው። ሰው ድንገት ሲያጋጥመው ሁለት እጁን ከጋቢው ያወጣና መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል፣ ባዶ መሆኑን እስኪያዩለት። ይህን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ያደርገዋል። «ደህና ነኝ» ያለውን አንድ ቀን ብንቆጥር አሥራ አራት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ድምፅ ይመጣል። ድሮ «ቁረጠው!» እያለ ጆሮው ሥር ይጮህ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ከሩቅ ነው የሚሰማው። «እሱን ችላ ማለት ግን ግንድ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ነው» ይላል። ሲመሽ ለጨዋታም ለሳቅም የሚተርፍ ጉልበት የለውም፤ ይተኛል።

የሻው ኮሶዬ ነው የተወለደው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት ብርዳም አገር። ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል። ሥራው እንጨት መፍለጥ ነበር። ታላቅ እህቱ ታየች መንገድ ዳር ለሹፌርና ለተሳፋሪ ምግብ ትሸጣለች፤ ምድጃዋ የሚነደው በሱ ፍልጥ ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ ምሳሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ጎንደር ይወርድና ቀሐ አካባቢ ድግስ ያለባቸውን ቤቶች እየዞረ ይፈልጣል። ሌላ ፈላጭ ሞክሮ የተወውን ጉጥ የበዛበት ግንድ «ለየሻው ተዉት» ይሉ ነበር አሉ። ጉጡን በመዳፉ ይዳስሰዋል፣ ግንዱን ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ አንዴ ነው።

እኔ ያወቅኩት ግን ምሳር ባጠገቡ በማይደርስበት ጊዜ ነው።

ፋሲካ እባላለሁ። ኑሮዬ አዘዞ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም፤ ውቢት የምትባል ልጅ አለችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለአንድ ጥናት መጠይቅ የሚያስሞሉ ሰዎች ሲፈለጉ ተመዘገብኩ። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ኑሯቸው ምን ያህል ሸጋ እንደሆነ የሚለካ ጥናት ነው። ሃያ ስድስት ጥያቄ አለው፤ መልሱ ከአንድ እስከ አምስት። አንድ በጣም መጥፎ፣ አምስት በጣም ጥሩ። ዝቅተኛ ቁጥር ላገኙት ነርስ መድኃኒት ይዛ ቤታቸው ድረስ ትሄድላቸዋለች፤ ሌሎቹ በየወሩ ራሳቸው ጎንደር ወርደው ይወስዳሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ነው።

ሲያሠለጥኑን አምስት ክብ የተሣለበት ካርድ ሰጥተውን ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን አንዲት ባልቴት ካርዱን አይተው «አምስቱም ክብ፣ ምኑን ልምረጠው?» አሉኝ። እኔም ካርዱን ወደ ቦርሳዬ መልሼ፣ ለውቢት መክሰስ ከያዝኩት የሽምብራ ቆሎ አምስት ፍሬ መሬት ላይ ደረደርኩ። «ኑሮዎ ስንት ሽምብራ ነው?» ወዲያው ገባቸው። በብልሃቴ ኮራሁ፤ ከዚያ ወዲያ በየቤቱ የምጠይቀው በሽምብራ ሆነ።

የሻው ከታየች ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ነበር። ቀኝ እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ሰንሰለቱ የበላው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም። የታየች ባል አስናቀው ዱላ ይዞ በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ብዙ አትቅረቢው» አለኝ። «ምነው፣ ልጅ ያላዘለ ሰው አጥተው ነው አንቺን የላኩ?»

«ራሱ ነው እንዲመልስ የሚፈለገው፣ አያ አስናቀው።»

«እሱ?» ብሎ ሳቀ። «እሱ የሚለው ሁሉ እዚች ላይ ተጽፎልሻል።» ግራ እጁን ዘረጋልኝ። ሦስት ጣት ብቻ ነው ያላት።

ቁጢጥ ብዬ ሽምብራዎቹን ደረደርኩ። «የሻው፣ ኑሮህን ስንት ትሰጠዋለህ?»

እጁ ድንገት ተወረወረ። ሰንሰለቱ ተንቋቋ፣ እኔ ውቢትን እንዳዘልኩ ወደ ኋላዬ ልወድቅ ስል ግድግዳው ያዘኝ። የሻው አንዷን ሽምብራ አንስቶ ቆረጠማት። ቀጥሎ ሁለተኛዋን። አምስቱንም በላቸው።

«አምስት አለ» አለ አስናቀው። «ጻፊ።»

«በላቸው እንጂ መቼ መረጠ…»

«አምስቱን አነሳ አላነሳም? አንድ ቢፈልግ አንዷን አንስቶ ይተው ነበር። ጻፊ እቴ፣ ማኪናሽ ቆሞ ይጠብቅሻል።»

እንደገና ደረደርኩ። በየቀኑ ሕይወትህ ምን ያህል ደኅንነት ይሰማሃል? አምስቱንም በላ። ኑሮህን ምን ያህል ትደሰትበታለህ? በላ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ የውቢት መክሰስ አለቀ፤ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። የቀረውን አስናቀው ራሱ «አምስት፣ አምስት፣ አምስት» እያለ ጨረሰልኝ። እኔም ጻፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዱላውን ፈርቻለሁ፣ የየሻውንም እጅ ፈርቻለሁ፤ ከዚያች ጎጆ ቶሎ ለመውጣት ነው የጻፍኩት።

ስወጣ ታየች ተከትላኝ መጣች። «ሽምብራውን የበላው እብደት እንዳይመስልሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሰሃኑን ወረወረ ብሎ አስናቀው ከልክሎት ነው።»

ይህን ሰምቼም ተመልሼ ወረቀቱን አላስተካከልኩም። ማኪናው ውስጥ ገባሁ። በኛ ወረቀት ላይ፣ በሰንሰለት ታስሮ የተራበው የሻው ከኮሶዬ ሰው ሁሉ ኑሮው የተመቸ ሆኖ ወጣ።

አስናቀውን ክፉ ብቻ አድርጌ እንዳልነግራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ አንድ ጠዋት፣ የሻው ባሕር ዛፎቹ «ሰው ላይ ልንወድቅ ነው፣ ቁረጠን» ሲሉ ሰማቸው። አስናቀው ሲደርስ አሥራ አንድ ዛፍ ወድቋል። የምሳሩን ዛቢያ ሊቀማው ሲታገል አንድ እጁ ጉቶው ላይ አረፈ። ምሳሩም እዚያው አረፈ። «ጣቶቹ ጉቶው ላይ ቀሩ» ትላለች ታየች። «ዶሮ እንዳይወስዳቸው በነጠላዬ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።» ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ዱላ ይዞ መጣ። የሻው መጮህ እስኪያቆም ወገሩት፤ ጥርሶቹ የወለቁት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ቀን በገመድ ታስሮ ሰነበተ፣ ገመዱ የበላው አንጓው ሸተተ። ጠበል ወሰዱት፤ እዚያም የሚይዙት ሰዎች ዱላ አልጠፋቸውም። በመጨረሻ ሰንሰለቱ ተገዛ። ምሳሩን ግን አስናቀው አልሸጠውም፣ አልጣለውም። በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጣሪያው ሥር ሰካው።

አምስት እንዲጻፍ የፈለገበትን ምክንያትም ኋላ ነግሮኛል። «ዝቅ ካለ የመንግሥት ሰው መጥቶ ይፈታዋል ብዬ ነው። እሱ ከተፈታ እኔ በየትኛው እጄ ነው የምከላከል?»

ከወረቀቱ በኋላ ነርሷ ሲስተር ሐረገወይን በየወሩ ወደ ኮሶዬ ስትወጣ በየሻው ደጃፍ ታልፍ ነበር፤ ስሙ ዝርዝሯ ላይ የለም። መንገዱ በተኩስ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ይከፈታል። ሲከፈትም አስናቀው ከሰንሰለቱ ፈትቶ ጎንደር ሊያወርደው አልፈቀደም። ታየች ቀድሞ ከጎንደር ያመጣችለት ክኒን አለቀ። ካለቀ በስድስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ በገበያው ሰዓት፣ የሻው ምሰሶውን አቅፎ ነቀለው። የጎጆዋ ጣሪያ በላዩ ላይ ተደረመሰ። ከፍርስራሹ ውስጥ ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሮ ወጣ፣ ሰንሰለቱንና ቁራጭ እንጨት እየጎተተ አስፋልቱ ላይ ደረሰ።

«ያ ገዳይ ተፈታ!» አለ አንዱ። ማንንም ገድሎ አያውቅም።

የመጀመሪያው ድንጋይ ጀርባው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጉልበቱን መታው፤ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ሰንሰለቱ ጠልፎት ቦይ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የወረወረውን መቁጠር አይቻልም። ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ ወረወሩ። አንድ የቡጢ ያህል ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ታየች «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች መጥታ በላዩ ተደፋች። ለሱ የተወረወረው እሷን አገኛት፤ የትከሻዋ አጥንት ሲሰበር የሰማ ሰው ነው ለኔ የነገረኝ፣ እንደ ደረቅ ፍልጥ ቀጭ አለ ብሎ። የደሟን ብዛት ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ስሰማ ውቢትን አዝዬ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሄድኩ። ታየች ክንዷ በጨርቅ ከአንገቷ ጋር ታስሮ ወንድሟ አልጋ ሥር ተቀምጣለች። አልሰደበችኝም። «ያቺ ወረቀትሽ ምን ብላ ነበር?» ብቻ አለችኝ።

«አምስት።»

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪያችን ሄጄ ወረቀቱ ይሰረዝልኝ አልኩ። «ተልኳል» አለኝ። «የጻፍሽው አንቺ፣ የፈረምሽው አንቺ።» እውነቱን ነው። ሲስተር ሐረገወይንን ፈልጌ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽምብራውን፣ ዱላውን፣ ፍርሃቴን። «እንግዲህ እያለቀስሽ ጊዜ አትግደይ» አለችኝ። «አዲስ ፎርም ያዢና እንደገና ጠይቂው። ማንም በሌለበት። እኔ አስገባዋለሁ።»

ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ መድኃኒቱ ሲይዘው፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አያ የሻው፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ምነው ዛሬ አንቱ አልሽኝ? ጭንቅላቴ ስለተፈነከተ ሽማግሌ ሆንኩ?» ጥርስ በሌለው በኩል ሳቀ። «አንተ በይኝ። ሽምብራሽን ግን ይዘሻል?»

ይዣለሁ፤ አንድ ጣሳ ሙሉ። «መጀመሪያ ብላ። ሳትጠግብ አልጠይቅህም።»

በላ። ውቢትም ከጣሳው አብራው በላች። እሱ ለሷ እየመረጠ ለስላሳ ለስላሳውን ይሰጣት ነበር። ከዚያ አምስት ፍሬ ወንበሩ ላይ ደረደርኩ። «አሁን ኑሮህ ስንት ነው?»

አንዷን አነሳ። «ይህች ሰንሰለቱ ናት።» አስቀመጣት። «ይህች ደግሞ፣ ሳልታሰር በመንገድ ስሄድ ሰው ቤቱን ሲዘጋብኝ።» ሦስተኛዋን ገፋ አደረጋት። «ጭራሮ በእጅ መስበር በያት። ያንንም ከሰጡኝ።»

«አራተኛዋስ?»

«ምሳሬ። አስናቀው ዱላ ይዞ ከኋላዬ።»

አምስተኛዋን መዳፉ ላይ አኖራት። «ይህች… እኔ ምሳሬን ይዤ ስፈልጥ፣ ሰው አጠገቤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጭ ሲል ናት። ወሬ እያወራ። ዞሮ ሳያየኝ።»

ከሃያ ስድስቱ ጥያቄ ይህን የሚጠይቅ አንድም የለም። ቤቱ የሚጠብቀው ሰንሰለቱ ነውና ከወረቀቱ ፊት ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ቃሉን ግን ከወረቀቱ ጀርባ አንድ ሳይቀር ገለበጥኩት።

ሲስተር ሐረገወይን የሻውን ይዛ ኮሶዬ በወጣችበት ቀን እኔም ነበርኩ። አስናቀው ጎጆዋን ጠግኖ፣ ምሰሶውን መልሶ ተክሎ፣ ሰንሰለቱን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀን።

«ሰንሰለቱን ከነቁልፉ ስጠኝ» አለችው።

«ጣቴንስ ማን ይሰጠኛል?»

«እኔ ጣት አላበቅልም፣ አያ አስናቀው። ሌላ ጣት እንዳይሄድ ግን በየወሩ ክኒኑንና የሚወጋውን መርፌ ይዤ እመጣለሁ።»

አልሰጥም አለ። ያን ጊዜ ታየች፣ ክንዷ እንደታሰረ፣ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ያንተን ጣት ከጉቶ ላይ ለቀምኩ። የሱን ደም ከቦይ ውስጥ በነጠላዬ ጠረግኩ። አሁን ንጹሕ ነጠላም የለኝም፣ ክንድም የለኝም። ሦስተኛ ጊዜ የሚፈስ ደም ካለ የምጠርግልህ እኔ አይደለሁም።» አስናቀው ቁልፉን መሬት ላይ ወረወረው። ምሳሩን ግን እንዳይጠይቁት አስጠነቀቀ።

እንዲህ ሆኖ የሻው የሁለተኛዋን ሽምብራ ኑሮ ጀመረ፤ በር የሚዘጋበትን። ከወራት በኋላ ታየች ጭራሮ ታሰብረው ጀመር፤ ሦስተኛዋ። ጥናቱ አልቆ ሥራዬም አብሮ ቢያልቅም፣ ሲስተር ሐረገወይን ስትወጣ ከውቢት ጋር በማኪናዋ እሳፈር ነበር። በየጊዜው «ዛሬ ስንት ነን?» እለዋለሁ። «ሦስት» ይለኛል። «ሦስት ላይ ዝገናል።»

ከሰንሰለቱ በተፈታ በአሥራ አራተኛው ወር አስናቀው መሰላል አቁሞ ጣሪያው ሥር ገባ። ማዳበሪያውን ይዞ ወረደ። ማንም አልለመነውም። ምሳሩ ዝጎ ቀልቷል።

«በጭራሮ ወጥ አይበስልም» ብቻ አለ። የሻው እግር ሥር አስቀመጠለትና ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከኋላው ተቀመጠ። እኩለ ቀን ነው፣ ምግብ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ሁለት ሴቶች ምሳቸውን ትተው ወጡ።

የሻው ስለቱን በድንጋይ አሾለ። ደጁ ላይ የተጋደመውን ጉጣም ግንድ በመዳፉ ዳሰሰው። አነሳና ጣለ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ምሳሩ ጉጡን ስቶ ተፈናጠረና ከአስናቀው እግር አንድ ስንዝር ርቆ መሬት ውስጥ ተሰካ። አስናቀው ባለ ሦስት ጣት እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም። «እንደገና» አለ።

የሻው ምሳሩን ነቅሎ ወደ ላይ ሲያነሳ ነው አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር ከበር ላይ የጮኸው። «አብዳችኋል እንዴ? ለገዳይ ምሳር ትሰጣላችሁ?» ይህ ሹፌር በዚያች የገበያ ቅዳሜም እዚሁ ነበር። ድንጋዩ ከእጁ ሲወጣ አየሁት። የሻውን ከቅንድቡ በላይ መታው፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው። ምሳሩ አሁንም ከራሱ በላይ ነው። በአንድ ዓይኑ ሹፌሩን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ያ ድምፅ እንደመጣ ገባኝ።

ነውሬን ልናገር። እኔም ጎንበስ አልኩ። ልጄን ከኋላዬ አድርጌ ድንጋይ አነሳሁ።

ምሳሩ ወረደ። ጉጡ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሻው ምሳሩን ግንዱ ላይ እንደተሰካ ለቀቀው፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳየን። ደሙ በጺሙ ጫፍ ይንጠባጠባል። የኔን እጅ ሲያይ ፊቱን አዞረ። ድንጋዩን ጣልኩት፤ ሲወድቅ የሰማው ይመስለኛል።

አስናቀው ተነሳ። ዱላውን ይዞ ወደ የሻው አልሄደም፤ ወደ ሹፌሩ ሄደና ክንዱ ላይ አሳረፈበት። ሹፌሩ አጓርቶ ተቀመጠ። «ሁለተኛውን ድንጋይ ካነሳህ ሌላውንም ክንድህን እደግመዋለሁ» አለው። ከዚያ ዱላውን ወርውሮ ተመለሰ። ምሳሩን ከግንዱ ነቅሎ ለየሻው አቀበለው፤ በባለ ሦስት ጣት እጁ። ዞረና በየሻውና በመንገዱ መካከል ጉቶ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ምሳሩ ባረፈ ቁጥር ትከሻው ይዘላል። አንዴም ግን ዞሮ አላየም። ስለ ገብስ ዋጋ ያወራ ጀመር።

«ፋሲካ» አለኝ የሻው፣ ደሙን በጋቢው እየጠረገ። «ጻፊ። አራት ተኩል።»

«ፎርሙ ላይ ተኩል የለም።»

«እንግዲያ ፎርማችሁ ነው የታመመው።»

ታሪኩን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው እሺ ያለኝ፣ መጨረሻውን ለሱ እንድተውለት ነው። ለእናንተ ለአንባቢዎች የላከው ይህን ነው፦

«በኮሶዬ ስታልፉ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ምሳር የያዘ ሰው ብታዩ እኔ ነኝ። ጎንበስ አትበሉ። ያነሳችሁት ካለም አስቀምጡት፤ ፋሲካም አስቀምጣዋለች። እህቴ ዘንድ ምሳ ብሉ። ጉጡ ያስቸገራችሁ ግንድ ካላችሁ ጭናችሁ አምጡልኝ። ስፈልጥላችሁ አጠገቤ ቁጭ በሉ፣ ፊታችሁን ወደ መንገዱ አድርጉ። ስለ ልጆቻችሁም ስለ ዝናቡም ይሁን፣ ያሰኛችሁን አውሩኝ። ከኋላችሁ ሆኜ እሰማችኋለሁ።»